ቆርቆሮን በዓይን አትግዙት፣ በሚዛን ግዙት

ታኅሣሥ መጨረሻና ጥር በጎጃም ደጋ የሁለት ሥራ ወቅት ነው፤ የሰርግና የቤት። ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ መሬቱ ደርቋል። አጠና የቆረጠ አጠናውን ያቆማል፣ ጭቃ ያቦካ ግድግዳውን ይመርጋል። ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ወይም ከዚያ አልፎ ዐረብ አገር ያለ ልጅ ስልኩ የሚጮኸውም በዚሁ ሰሞን ነው። «ልጄ፣ ቤቱን ቆርቆሮ ልናለብሰው ነበር፤ ትንሽ ጎደለን።»

ልጅ ይልካል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ብሩ ይላካል እንጂ ስንት ጌጅ ይገዛ፣ በምን ሚስማር ይመታ፣ በምን እንጨት ላይ ይረፍ የሚለው አይላክም። ገበያ የወጣው ሰው የሚያብረቀርቀውንና ዋጋው ቀለል ያለውን ይዞ ይመለሳል። ሚያዝያ ላይ ዝናቡን ቀድሞ ነፋሱ ሲነሳ የዓመት ልፋት የጎረቤት እርሻ ውስጥ ተጠቅልሎ ሊገኝ ይችላል። ነፋሱ ቢምረው እንኳ ዝገቱ ላይምረው ይችላል።

ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ቆርቆሮ ቀላል ግዢ አይደለም። በሬ ይሸጥበታል፣ የባሕር ዛፍ ማሳ ይቆረጥበታል። በዕድሜ ውስጥ አንዴ ወይም ሁለቴ የሚደረግ ወጪ ነው። ስለዚህ ብር ከመላካችን በፊት ስለዚህ ስስ ብረት ጥቂት ነገር ማወቅ ሳይሻል አይቀርም።

ጎጆ ወጣን፣ ጎጆውን ግን ተውነው

በአማርኛ ትዳር መያዝ እስከ ዛሬም «ጎጆ መውጣት» ነው። ጎጆው ራሱ ግን እየጠፋ ነው። ዓባይ በረሃን ጨርሳችሁ ደጀን ላይ ስትወጡ፣ ከዚያም በሉማሜ አድርጋችሁ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ አልፋችሁም ወደ አማኑኤልና ደምበጫ ስትጓዙ ግራና ቀኙን እዩት። ከሣር ክዳን ይልቅ የሚያብለጨልጨው ቆርቆሮ ይበዛል። ሣሩ ቀረ ቢባል ማድቤት ላይ ወይም ከብት ማደሪያ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ለታይታ የመጣ ለውጥ አድርጎ ያወራዋል። «ድሮ ጎጆ ቤት ክረምት ሙቀት፣ በጋ ቅዝቃዜ ነበር» እያለ ይቆጫል። እውነቱን ነው፣ የሣር ክዳን ለኑሮ ይመቻል። ግን ሣሩን ማን ያመጣዋል? የግጦሽ መሬት እየታረሰ ሲሄድ ሰንበሌጡም አብሮ ሄደ። ጭዱም ቢሆን ዛሬ ለከብት መኖ የሚፈለግ፣ በገንዘብ የሚሸጥ ነገር ነው። የሣር ክዳን በየጊዜው መታደስ፣ መጠገን ይፈልጋል። ከምድጃ የተነሳች አንዲት ፍንጣሪ ደግሞ ቤቱን ከነእህሉ ትወስደዋለች። ቆርቆሮ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አቃለለ። ክብሩም ተጨመረበት፤ ሽማግሌ ልኮ ልጅ ለሚጠይቅ ሰው ቤቱ ቆርቆሮ መሆኑ ቁም ነገር ሆነ።

ቆርቆሮ ሲገባ የቤቱም ቅርጽ ተለወጠ። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ነገር ነው፣ ክብ ጣሪያ ላይ ሲወጣ እየተቆረጠ ብዙው ይባክናል። ስለዚህ ክቡ ቤት ባለ አራት ማዕዘን ሆነ። ክብነታቸውን አጥብቀው የያዙት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ብዙዎቹ ዛሬ ቆርቆሮውን እንደ ዳቦ ቁራሽ ሾጠጥ ሾጠጥ አድርገው እየቆረጡ እስከ ጉልላቱ ያለብሱታል።

ከለንደን ወደብ እስከ ዓባይ ማዶ

ብረትን ሞገድ ሞገድ አድርጎ ማጠፍ ብልሃቱ ቀላል ነው። አንድ ወረቀት በሁለት ጫፉ ብትይዙት መሐሉ ይጎብጣል፤ እንደ ማራገቢያ አጣጥፋችሁ ብትይዙት ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እንዲያውም ዕቃ ይሸከማል። ይህን ዘዴ ለብረት ጣሪያ ያዋለውና እ.ኤ.አ. በ1829 የፈጠራ መብት ያገኘበት በለንደን ወደብ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር ነው። ችግሩ ዝገት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1837 ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን ቀልጦ በጋለ ዚንክ ውስጥ እየነከሩ የማልበስ ዘዴን አስመዘገበ። ዛሬ ጣሪያችን ላይ ያለው የሁለቱ ሰዎች ሐሳብ ጋብቻ ነው።

ወደ እኛ አገር ቆርቆሮ በስፋት የገባው ከአዲስ አበባ ማደግ ጋር ነው። መጀመሪያ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ጭነቱ ቀለለ። ወደ ጎጃም ለመሻገር ግን ሌላ ፈተና ነበር፤ የዓባይ ሸለቆ። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል መውረድ፣ ወንዙን መሻገር፣ ከዚያ ያንኑ ያህል መልሶ መውጣት። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫ የነበረችው፣ ድሮ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ ዛሬ ቆርቆሮዋን በከባድ መኪና ታስመጣለች። ከዋናው መንገድ ወደ ገጠሩ ግን አሁንም በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ ነው የሚገባው።

ከቆርቆሮው ጋር አብሮ የሚነሳው ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ የማገዶ ችግር መፍትሔ ሆኖ የመጣ ዛፍ ዛሬ የጎጃም ገበሬ የቁጠባ ደብተር ሆኗል። ተሽጦ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ተቆርጦ ቆርቆሮ ይሸከማል። ሁለቱ ተያይዘው የመጡ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቁጥሩ ሲያንስ ብረቱ ይወፍራል

ሱቅ ስትገቡ የምትሰሙት «ባለ 35፣ ባለ 32፣ ባለ 30፣ ባለ 28» የሚል ነው። ጌጅ ይባላል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ትልቁ ቁጥር የተሻለው ይመስላል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ባለ 28 ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ባለ 30 ወደ 0.3፣ ባለ 32 ወደ 0.25፣ ባለ 35 ደግሞ ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ማለትም ባለ 35 የባለ 28ን ግማሽ ያህል ብረት ነው። ሩቅ ሆኖ ለሚያየው ግን ሁለቱም እኩል ያብረቀርቃሉ።

ዋጋውም የሚንቀሳቀስበት ምክንያት አለው። አገር ውስጥ ያሉ ፋብሪካዎች ቆርቆሮውን ሞገድ ያውጡለት እንጂ ጥቅል ብረቱ የሚመጣው ከውጭ፣ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። የዚያ ንዝረት ደምበጫ ያለ የቆርቆሮ ሱቅም ደርሷል። ዋጋ ሲወጣ የገዢው ብር አይጨምርም፤ ስለዚህ ሰው ሳስ ወዳለው ቁጥር ይወርዳል። የሳሳውን እያወቁ መግዛት አንድ ነገር ነው። የወፈረ መስሎት የሳሳ የሚገዛው ሰው ግን ሁለት ጊዜ ይከስራል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? በሚዛን። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሆኖ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዝርግ ብረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ይህ የማይለወጥ ነገር ነው፤ ሻጩም ፋብሪካውም ሊቀይረው አይችልም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክር ውሰዱና ከቆርቆሮው አንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን፣ ጉብታውንም ጎድጓዳውንም እያስነካችሁ አስኪዱት። ከዚያ ክሩን ወጥራችሁ ለኩት። ይህ ቆርቆሮው ከመታጠፉ በፊት የነበረው ስፋት ነው። ቁመቱንም ለኩ። አሥር ፍሬ ቆርቆሮ እህል በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አስመዝኑና ለአሥር አካፍሉ። ከዚያ የስልካችሁን ካልኩሌተር ክፈቱ፤ የአንዱን ክብደት በኪሎ ለቁመቱ በሜትር፣ ቀጥሎ ለክሩ ርዝመት በሜትር፣ በመጨረሻም ለ7.85 አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር ውፍረቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር።

ለምሳሌ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ክሩ 1 ሜትር ቢሆን፣ 0.4 ሚሊ ሜትር ቆርቆሮ ወደ 6.3 ኪሎ ይመዝናል። 0.3 የሆነው 4.7፣ 0.2 የሆነው ደግሞ 3.1 ኪሎ ገደማ ነው። ባለ 28 ብሎ የሸጠላችሁ ሰው ቆርቆሮ አራት ኪሎ ከመዘነ ክርክር አያስፈልግም። ባለ ቀለሙና «ኢጋ» የሚባለው ባለ ማዕዘን ቆርቆሮም በዚሁ መንገድ ይመዘናል። ቀለም ውፍረትን አይናገርም።

ሁለተኛው ጥያቄ ዚንኩ ነው። ዚንክ ብረቱን የሚጠብቀው ራሱ ቀድሞ እየተበላ ነው። ሲያልቅ ቀዩ ዝገት ይጀምራል። ስለዚህ ዚንኩ በዛ ማለት ዕድሜው ረዘመ ማለት ነው። ጥሩ የሚባለው ደረጃ በአንድ ካሬ ሜትር፣ ሁለቱም ፊት ተደምሮ፣ 275 ግራም ዚንክ ያለው ነው፤ ጽሑፉ ላይ «ዜድ 275» ተብሎ ይታተማል። ርካሹ ከዚህ እጅግ ያነሰ ሊኖረው ይችላል። ሲገዙ መጠየቅ፣ ጽሑፉን ፎቶ ማንሳት ምንም አያስከፍልም። የገዛችሁትን ደግሞ ተደራርቦ ዝናብ እንዲመታው አትተዉት። በመካከሉ ውሃ ሲታቆር ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ያ ዱቄት ጣሪያ ላይ ሳይወጣ የተበላ ዚንክ ነው።

ነፋስ ከላይ አይጫንም፣ ወደ ላይ ይስባል

ቆርቆሮ የሚሄደው ነፋስ ስለገፋው ብቻ አይደለም። ነፋስ በጣሪያ ላይ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስበዋል፣ ከክፍክፉ ሥር የገባው ደግሞ ከታች ያነሳዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚላቀቀው ጠርዙ፣ ማዕዘኑና አናቱ ነው። ሚስማር የሚበዛውም እዚያ መሆን አለበት። በተግባር ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን ሚስማር ሲያልቅ ጠርዙ በድንጋይ ሲጫን ነው። ድንጋዩ ደግሞ ነፋስ ሲበረታ ራሱ አደጋ ይሆናል።

ሌላው ችግር እንጨቱ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ሚስማር እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል፤ እንጨቱም ይጣመማል። አጠናው ቢያንስ ጥቂት ወራት ጥላ ሥር ቢደርቅ የሚያስገኘው ጥቅም ከሚያስጠብቀው ጊዜ ይበልጣል። ወራጁ ከግድግዳው ቋሚ ጋር በሚስማር ብቻ ሳይሆን በሽቦ ተጠምጥሞ መታሰር አለበት። ቆርቆሮው ከወራጁ ጋር፣ ወራጁ ከቋሚው ጋር፣ ቋሚው ከመሬቱ ጋር ካልተያያዘ ጣሪያው የተደፋ ቆብ ማለት ነው።

ሚስማሩ ጎማ ያለው የቆርቆሮ ሚስማር ይሁን። በሞገደኛው ቆርቆሮ ላይ የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፤ ጎድጓዳው የውሃ መንገድ ነውና እዚያ የተመታ ሚስማር ዞሮ ዞሮ ያፈሳል። ጉብታው እስኪጨፈለቅም አይቀጥቀጥ። ጎንና ጎኑ ሲደራረብ ቢያንስ አንድ ሞገድ ተኩል፣ ከላይ ወደ ታች ሲደራረብ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይግባ። መደራረቡ ጀርባውን ወጨፎ ለሚመጣበት አቅጣጫ ይስጥ። የቆየ አናጢ ይህን ሁሉ ያውቀዋል። ቆርቆሮ ተቆጥሮ ሲሰጠውና «በዚሁ ጨርስልን» ሲባል ግን ከየመደራረቡ እየቀነሰ ያደርሳል። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ከጎጆው የምንማረው አንድ ነገር አለ። የሣር ክፍክፍ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይወርድ ነበር፤ ጭቃውን ከዝናብ የሚጠብቀው እሱ ነበር። ቆርቆሮ በገንዘብ ስለሚገዛ ሰው ክፍክፉን ያሳጥረዋል። ውጤቱን በየመንደሩ ታዩታላችሁ፤ ጣሪያው አዲስ፣ ግድግዳው ግን ከወገቡ በታች ታጥቦ ማገሩ የወጣ። ግማሽ ሜትር ያህል ክፍክፍ የምትጨምረው ቆርቆሮ ለግድግዳው የተከፈለች መድን ናት።

ጩኸቱ፣ ብርዱና ላቡ

ገጠር የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ዝናብ ሲጀምር መምህሩ ጠመኔውን ያስቀምጣል። በዚያ ጩኸት የሚማር ክፍል የለም። ቤት ውስጥም በረዶ ሲወርድ እናትና ልጅ አይደማመጡም። ቀን ፀሐይ ሲያርፍበት ይግላል፣ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቆ ከውጭው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ላለችው ደብረ ማርቆስና ከእሷ በላይ ወደ ጮቄ ለሚወጡት ቀበሌዎች ይህ ቀልድ አይደለም። በውርጭ ሌሊት የሰውና የከብት ትንፋሽ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ይሆንና ጠብ ጠብ ይላል። ሰው «ያፈሳል» ብሎ ሚስማር ሊያጠብቅ ይወጣል። የሚያፈስ ግን የለም፤ ቤቱ አልቦት ነው።

መድኃኒቱ ኮርኒስ ነው። ለአብዛኛው ሰው የሚቀርበው የማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ የሚወጠረው ነው። ትንሽም ቢሆን በመካከል የታሰረ አየር ብርዱንም ጩኸቱንም ያለዝባል። ግን ጆንያ ፕላስቲክ ነው፣ እሳት አይችልም። ኩራዝና ምድጃ ካለበት ክፍል ይራቅ። ጢሱም ሌላ ጉዳይ ነው። የሣር ክዳን ጢሱን በመላ ገላው ያሳልፈው ነበር፤ ቆርቆሮ ግን አፍኖ ይመልሰዋል። ማድቤቱ ለብቻ ቢሆን፣ ካልሆነም አናቱ ላይ ጢስ መውጫ ቢተውለት ለእናቶች ዓይንና ሳንባ ትልቅ ነገር ነው።

ከብት ማደሪያ ላይ ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ደግሞ ከሽንትና ከእበት የሚነሳው ትንፋሽ ዚንክን እንደሚበላ ይወቅ። ጣሪያው ከፍ ይበል፣ አየር ይግባበት። ኤሌክትሪክ በገባበት ቤት ደግሞ ገመዱ ቆርቆሮ ሳይነካ በመከላከያ ይለፍ። የተላጠ ገመድ ብረቱን ከነካ ጣሪያው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይዟል ማለት ነው።

ግድግዳውንም ቆርቆሮ?

ከተሜው ቆርቆሮ ግድግዳን ያወቀው በሱቅ ነው። አርከበ ዕቁባይ አዲስ አበባን ሲያስተዳድሩ ለወጣቶች የተሠሩት ትንንሽ ሱቆች እስከ ዛሬ «አርከበ ሱቅ» ተብለው ይጠራሉ። ለሱቅ፣ ለአጥር፣ ለመጸዳጃ ቤት ቆርቆሮ ግድግዳ ቶሎ ያልቃል፣ ነቅሎ ለመሄድም ይመቻል። ለመኖሪያ ግን በጎጃም ደጋ ጭቃን የሚተካ አይደለም። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ይመልሳል፤ ቆርቆሮ አንዱንም አያቆይም። የግድ ከሆነ የታችኛው ጠርዝ አፈር አይንካ፤ በድንጋይ መሠረት ላይ አንድ ጋት ከፍ ይበል። ቆርቆሮ ግድግዳ ብዙ ጊዜ መዛገት የሚጀምረው ከእግሩ ነው።

ጠፈጠፉ ገንዘብ ነው

ቆርቆሮ ከሣር በግልጽ የሚበልጥበት፣ እኛ ግን በደንብ ያልተጠቀምንበት ነገር ውሃው ነው። ከሣር የሚወርደው ጠፈጠፍ ቡኒ ነው። ከቆርቆሮ የሚወርደው ግን የመጀመሪያው አቧራ ከታጠበ በኋላ ንጹሕ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። 8 ሜትር በ5 ሜትር መሬት የሸፈነ ጣሪያ 40 ካሬ ነው። 20 ሚሊ ሜትር የሚሆን አንድ የሐምሌ ዝናብ 800 ሊትር ይሰጠዋል፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 40 ጊዜ ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ አካባቢ በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። አምስተኛው እጅ ባክኖ ቢቀር እንኳ ከ40,000 ሊትር በላይ ነው።

አሸንዳና በርሜል ማዘጋጀት ከቆርቆሮው ዋጋ አንጻር ጥቂት ነው። ውሃ የሚቀዱት እህቶችና እናቶች ናቸው፤ ክረምቱን ሙሉ ጭቃ እየረገጡ ምንጭ ከመውረድ ይገላግላቸዋል። ለመጠጥ ከሆነ የመጀመሪያውን ዝናብ ደፍቶ፣ የቀረውን አፍልቶ ወይም አክሞ መጠቀም ነው።

ብር ስትልኩ ይህችንም ላኩ

በመጪው ጥር ስልኩ ሲጮህ ከብሩ ጋር የምትላክ አጭር መልእክት ይኸችውላችሁ።

አጠናው ይድረቅ። ቆርቆሮው አሥር ፍሬ ሆኖ ይመዘን፣ ክብደቱ ይጻፍልኝ። ጎማ ያለው ሚስማር ይገዛ፣ ጉብታው ላይ ይመታ፣ ጠርዙ ላይ ይብዛ። ወራጁ በሽቦ ይታሰር። ክፍክፉ ግማሽ ሜትር ይውጣ። ለአሸንዳ የሚሆን ብር አይነካ።

ብሩ ለሙሉ ቤት የማይበቃ ከሆነ ደግሞ ባለ 35 ቆርቆሮ ገዝቶ ሰፊ ቤት ከመክደን፣ ወፈር ያለውን ገዝቶ ሁለት ክፍል በደንብ ከድኖ ለከርሞ መቀጠል ይሻላል። ለሽማግሌው ቤቱ ያነሰ ሊመስል ይችላል። ግንቦት ሲመጣ ግን ጣሪያው እዚያው ይገኛል።